ተዳፋት ላይ ዓይን አይታመንም
ስለ ውሃ ልክ አመራረጥ በአዴት የቀረበ ዲስኩር



የመጣሁት ስለ ውሃ ልክ ላወራችሁ ነው። ርእሱን የሰማ አንድ ወዳጄ «እሱ ደግሞ ምን ይወራበታል? አረፋዋ መሃል ከገባች ልክ ነው፤ አለቀ» ብሎኛል። እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ በየበጋው ስንት ሰው ላቡን ያፈሰሰበት እርከን በክረምት ባልተሸነቆረ ነበር። አረፋዋ መሃል ገብታም መስመሩ ጠማማ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ልክ ሆኖም ውሃው የሰው ማሳ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የዛሬው ወሬዬ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይመለከታል።

ከጠመንጃ ልነሣ። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ሲነሣ የማይነቃ አድማጭ የለም። እኔ የምለው ግን በሕግ ተፈቅዶ ስለሚታደንበት ጠመንጃ ነው። በአርሲና በባሌ ተራሮች በፈቃድና በኮታ የሚታደን የደጋ አጋዘን አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እንዲህ ያለውን የተራራ አውሬ የሚያድኑ ሰዎች ጠመንጃቸው ላይ መነጽር ያስራሉ፤ አንዳንዶቹ በመነጽሩ ላይ ደግሞ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ውሃ ልክ ይጨምራሉ።

ለምን ቢባል ተራራ ዓይንን ስለሚያታልል ነው። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አድማሱ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ ቀጥና ጠማማውን በእሱ ይለያል። ተዳፋት ላይ በደረቱ የተኛ አዳኝ ግን ከፊቱ የሚያየው ሁሉ አዘንብሏል። የአስታው ቁጥቋጦ ጫፍ አዘንብሏል፤ የማዶው ገደል ጠርዝ አዘንብሏል፤ የተኛበት ድንጋይም እንደዚያው። ሳይታወቀው ጠመንጃውን ከተራራው ጋር ያዘነብለዋል፤ ቢጠየቅ ግን «ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ» ብሎ ይምላል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣችበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ መሬት ትወርዳለች። 500 ሜትር ለመድረስ 0.7 ሰከንድ ከፈጀባት በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 2.4 ሜትር ትወርዳለች። ተኳሹ ይህን ለማካካስ አፈሙዙን በመጠኑ ቀና ያደርጋል። ጠመንጃው ወደ ቀኝ 3 ዲግሪ ካዘነበለ ግን ያ ቀና ማለት ሽቅብ ብቻ መሆኑ ይቀርና በከፊል ወደ ቀኝ ይሆናል። ውጤቱም 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ መሳት ነው። ለአውሬው ይህ ወዲያው በመሞትና ቆስሎ ጫካ በመግባት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ100 ሜትር ግን ጥይቷ የምትወርደው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ያው 3 ዲግሪ የሚያስተው 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከራሷ ከጥይቷ ውፍረት ያነሰ።

እንግዲህ ውሃ ልክ የሚመርጥ አዳኝ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው «የምተኩሰው ከስንት ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ከ200 ሜትር ወዲህ ለሚተኩስ ሰው ይህች ዕቃ ጌጥ ናት፤ ገንዘቡን ለጥይት ቢያውለው ይሻለዋል። ርቆ የሚተኩስ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የመነጽሩን ቱቦ ውፍረት ይወቅ፤ 25.4፣ 30 ወይም 34 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው። ማቀፊያው በልኩ መሆን አለበት። በልኩ ያልሆነውን በብሎን ጨምቆ ማሰር ቱቦውን ይጎዳዋል። ከዚያ ጉንጩን ከሰደፉ ሳያነሣ በግራ ዓይኑ ሊያያት በሚችልበት ቦታ ትቀመጥ። አንገቱን አቅንቶ የሚያያት ከሆነ ባያስራት ይሻላል።

ዋናው ግን አስተሳሰሯ ነው። ከርቀት ቱንቢ ይሰቀላል። ጠመንጃው ተስተካክሎ ከተቀመጠ በኋላ በመነጽሩ ውስጥ ያለው የቆመ መስመር ከቱንቢው ክር ጋር እስኪገጥም መነጽሩን ማዞር፣ ከዚያም ማጥበቅ፤ ውሃ ልኳ አረፋዋን መሃል አድርጋ የምትታሰረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መነጽሩ ጠሞ ከታሰረ ውሃ ልኳ በታማኝነት የምትመሰክረው ለጠማማው ነው። ግንበኞች ይህን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቱንቢ አይዋሽም፤ ክሩን የሚስበው ምድር ነው። ውሃ ልክ ግን ሰው የሠራት ስለሆነች ምስክር ያስፈልጋታል።

አዳኙን እዚህ ላይ እንተወው። ተዳፋት የእሱን ዓይን ብቻ አይደለም የሚያታልለው። ከአዴት ወጥታችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ግራና ቀኝ የምታዩት ማሳ ሁሉ በአንድ ወገን ያዘነበለ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ «ይህ መስመር ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው» የሚል ገበሬ፣ «ጠመንጃዬን ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ» ከሚለው አዳኝ ጋር አንድ ዓይነት ዓይን ነው ያለው። አዳኙ ቢስት አንድ አጋዘን ያመልጠዋል። የገበሬው ስህተት ግን ክረምት ጠብቆ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዕቃዋ። በእጄ የያዝኳት የሲባጎ ውሃ ልክ ነች፤ ከጣት አትበልጥም። ግራና ቀኝ ሁለት መንጠቆ አላት፤ በመንጠቆዎቹ ሲባጎ ላይ ትንጠለጠላለች። መሃሏ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ የያዘች ብልቃጥ አለች፤ በብልቃጧ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች፣ በመስመሮቹ መካከል አረፋ። ፈሳሹ ውሃ አይደለም። አልኮል ነው። አልኮል ከውሃ ይልቅ ከብልቃጡ ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ቶሎ ይንሸራተታል፤ በብርድም አይረጋም። ቀለሙ የተጨመረው አረፋዋ ጎልታ እንድትታይ ነው። ዕቃዋን የፈለሰፈው ሜልኪሴዴክ ቴቬኖ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1661 አካባቢ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ነጋሹ አጼ ፋሲል ነበሩ። ከዚህ ወደ ሞጣ በሚወስደው አቅጣጫ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ የሳቸው ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ያን የድንጋይ ቅስት ያቆሙት ግንበኞች አረፋ ያላት ዕቃ በእጃቸው አልነበረችም። የኮንሶ ሰዎችም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበላቸውን እርከን ሲደረድሩ አልነበረቻቸውም። ይህን የምለው «ያለ ውሃ ልክ አይሠራም» እንዳይባል ነው። ይሠራል። ግን ያ ሁሉ ትውልድ ያካበተው ዓይንና እጅ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ በጥር ወር ለእርከን ሥራ በዘመቻ የምንወጣ ሰዎች ነን።

የብልቃጧ ምሥጢር ቀጥ ያለች አለመሆኗ ነው። በውስጥ በኩል ላይኛው ገጿ በጣም በጥቂቱ ቅስት ሠርቷል፤ አረፋዋ ሁልጊዜ የቅስቱን ከፍተኛ ቦታ ትይዛለች። ቅስቱ የትልቅ ክብ ቁራጭ ከሆነ አረፋዋ ለጥቂት ዝንባሌ ብዙ ትሄዳለች፤ የትንሽ ክብ ቁራጭ ከሆነ ለብዙ ዝንባሌም ጥቂት ናት። የክቡ ሬዲየስ 30 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መሬቱ በ10 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ማለትም ግማሽ በመቶ ቢያዘነብል፣ አረፋዋ የምትንቀሳቀሰው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩ ዓይን ያያታል። ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ፤ እሱን የሚያይ የለም። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ውሃ ልኮች ውስጥ እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ለእነሱ ነው።

ታዲያ «ትንሿን ዝንባሌ እንኳ የምታሳየውን እንግዛ» የሚል ይኖራል። ቀያሾች በሦስት እግር ላይ የሚያቆሙት ሌቭል ውስጥ ያለች ብልቃጥ አለች። አረፋዋ 2 ሚሊ ሜትር የምትሄደው በ20 ሰከንድ ዝንባሌ ነው፤ ዲግሪ በ3,600 ተከፍሎ 20ው። ቅስቷ ሬዲየሱ ወደ 20 ሜትር የሚደርስ ክብ ቁራጭ ነው ማለት ነው። ያችን ሲባጎ ላይ ብትሰቅሏት የጥር ነፋስ አንድ ጊዜ እፍ ባለ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ስትሮጥ ውላ ትገባለች። መሃል ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ እስክትረጋ መጠበቅ ሲሰለቸው «በቃ፣ ልክ ነው» ይላል። የአዳኙም ነገር ይኸው ነው፤ ልቡ በመታ ቁጥር የምትንቀጠቀጥ አረፋ ዓይኑን ከአውሬው ላይ ታነሣበታለች። ለእርከን ግማሽ በመቶን የምታሳይ፣ ከዚያ በታች ያለውን ግን ችላ የምትል ውሃ ልክ ትበቃለች።

ይህን ሱቅ ውስጥ ለመፈተን ብዙ ጣጣ የለውም። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ባንኮኒው ላይ አስደርጉ፤ ውሃ ልኳን መሃሉ ላይ አስቀምጡና አረፋዋን ልብ ብላችሁ እዩ። ከዚያ ከጣውላው በአንዱ ጫፍ ሥር 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ነገር አስገቡ። ያ ግማሽ በመቶ ነው። አረፋዋ ስትሄድ በግልጽ ካያችሁ ትሆናለች። ካላያችሁ ለባለ ሱቁ አመስግናችሁ መልሱለት። ጣውላችሁንና ልኬታችሁን ሲያይ ቅር የሚለው ነጋዴ ካለ ጎረቤቱ ሌላ ሱቅ አለ።

ከዚህም የሚበልጥ ፈተና አለ፤ ገንዘብም ጣውላም አይፈልግም። ውሃ ልኳን በአንድ ቦታ ላይ አስቀምጡ፤ አረፋዋ የት እንዳለች አስታውሱ። ከዚያ ግራዋን በቀኝ አዙሩና እዚያው ቦታ ላይ መልሱ። አረፋዋ በእናንተ በኩል ሲታይ እዚያው ከቆመች ውሃ ልኳ እውነተኛ ናት፤ ያዘነበለው ጠረጴዛው ነው። ከውሃ ልኳ ጋር ዞራ ወደ ሌላ በኩል ከሄደች ግን ሐሰተኛዋ እሷ ናት። ይህ ፈተና ለግንበኛው ረጅም ውሃ ልክም፣ ለአዳኙ ትንሿም፣ በስልክ ላይ ላለውም ይሠራል።

ሐሰተኛ ውሃ ልክ ምን ያህል ትጎዳለች? ያቺው 30 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያላት አረፋዋ ከእውነተኛው መሃል በ2 ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ በ10 ሜትር ሲባጎ ላይ የምታመጣው ስህተት ወደ 6.7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እናንተ ትርፉን ውሃ ለማስወጣት ለእርከኑ ልትሰጡት የፈለጋችሁት ውረደት ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ነበር። ስለዚህ ወደ መውረጃው እንዲሄድ ያሰባችሁት ውሃ ወደ ኋላው ተመልሶ ማሳው መሃል ሊተኛ ይችላል ማለት ነው። በ10 ችካል ደግሞ ስህተቱ ተደማምሮ 67 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የእርከኑ ቁመት ራሱ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በየችካሉ ውሃ ልኳን እያዞራችሁ ስቀሏት፤ በአንዱ ያጠፋችውን በሌላው ትክሰዋለች። ይህን የሚያደርግ ቡድን ግን እኔ እስካሁን ብዙም አልገጠመኝም።

አሁን እርከኑ ላይ እንውጣ። ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ በሴንቲ ሜትር የተመጠኑ ሁለት ዘንጎች ይይዛሉ፤ በዘንጎቹ መካከል 10 ሜትር ሲባጎ ተወጥሯል፤ ሦስተኛው መሃል ቆሞ አረፋዋን ያነባል። የኋለኛው ዘንግ በተተከለው ችካል ላይ ይቆማል። የፊተኛው ሰው ወደ ዳገቱና ወደ ቁልቁለቱ እየተንቀሳቀሰ ቦታ ይፈልጋል። መሃል ያለው «ሽቅብ… ትንሽ ሽቅብ… ቁልቁል… ቁም!» ይላል። በ«ቁም» ላይ ችካል ይመታል። ከዚያ የኋለኛው ወደ አዲሱ ችካል ይመጣል፤ የፊተኛው ወደፊት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ሲባጎው ሲረግብ ነው። ምንም ያህል ቢወጠር ውሃ ልኳ ስትሰቀልበት መሃሉ ዝቅ ይላል። ይህ ራሱ ችግር አይደለም፤ ትክክለኛው መሃል ላይ ሲባጎው የሚያሳየው ዝንባሌ ከሁለቱ ጫፎች ዝንባሌ ጋር አንድ ነው። ውሃ ልኳ ከመሃል ስትርቅ ግን በረገበው ገመድ ዳገት ላይ ትሆናለች። 5 ሴንቲ ሜትር የረገበ ሲባጎ ላይ ከመሃል በ1 ሜትር ብትርቅ ስህተቱ በ10 ሜትር ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 5ኛው ሜትር ላይ በቀለም ወይም በቋጠሮ ምልክት ይደረግ። ሲባጎው ከሚለጠጥ ናይለን ባይሆን ጥሩ ነው፤ ጠዋት የተለካው 10 ሜትር ከቀትር በኋላ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ከሁሉ ይከፋል፤ አስተዋይ ሰው እንኳ ይሳሳትበታል። ውረደት ያለው እርከን ሲቀየስ ሲባጎው በሁለቱ ዘንጎች ላይ በእኩል ቁመት አይታሰርም። ግማሽ በመቶ ከተፈለገ በአንዱ ዘንግ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። በየትኛው ላይ? ውሃው በሚሄድበት በኩል ባለው ዘንግ ላይ። ሲባጎው ልክ ሲሆን በዚያ በኩል ያለው መሬት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነውና። አእምሮ ግን «ውሃው ወደዚያ ይውረድ» ሲባል ሲባጎውን ዝቅ ማድረግ ይቀናዋል። ዝቅ ካደረጋችሁት የእርከኑ ቦይ ተገላቢጦሽ ይሆናል። አረፋዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሃል ላይ ተቀምጣ ታያችኋለች።

በአንዱ እርከንና በሌላው መካከል ስለሚኖረው ርቀት ብዙ አልልም፤ ባለሙያዎቻችሁ ያውቁታል። የቁመቱ ልዩነት 1 ሜትር ከሆነና መሬቱ 10 በመቶ ካዘነበለ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይመጣል። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ይህን ሁሉ ይዟል።

መመሪያው ላይ ተጽፎ ሳለ ሜዳ ላይ የሚረሳው ግን ሌላ ነው። ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ክርክር አለ። እርከን ሲቀየስ የቆሙ አንድ አዛውንት ወጣቱን ባለሙያ «ልጄ፣ ይኼ ውሃ ሄዶ ሄዶ የት ሊገባ ነው?» ይሉታል።

«አባ፣ የትም አይሄድም። እዚሁ ይሰርጋል።»

«ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ ይኼ ዋልካ ምን ሊውጥ? የሰው እግር እንኳ ከያዘ አይለቅም እኮ!»

እኔ በዚህ ክርክር ከአዛውንቱ ጋር ነኝ። ፍጹም ልክ ሆኖ የተዘረጋ እርከን ውሃ ለመያዝ የተሠራ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ይህ ሕይወት ነው። የእኛ አገር ግን ዝናብ አያጥረውም፤ ክረምት ነው የሚበዛበት። መሬቱ ከጠገበ በኋላ የተያዘው ውሃ እርከኑን አልፎ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ አንድ ቦታ ሲሸነቁረው የላይኛው ውሃ በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው እርከን ሁለት እጥፍ ይመጣበታል፤ ሦስተኛው ሦስት እጥፍ። እንዲህ ሲሆን በአንድ ሌሊት ቦረቦር ይጀምራል።

ከዚህ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ደብረ ማዊን ታውቋታላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና አሜሪካ አገር ያለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያች ተፋሰስ ዓመታት ፈጅተዋል። ያገኙትን በአጭሩ ብናገር፣ ከላይ ያለው ተዳፋት አብዛኛውን ዝናብ ይውጠዋል፤ ውሃው በመሬት ውስጥ ተስቦ ከሥር ያለውን ጠፍጣፋ መሬት ያጠግበዋል፤ የከፉት ቦረቦሮች የሚያድጉትም የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ በቀረበበት በዚያ በታችኛው መሬት ነው። አፈሩ ከታች በውሃ ሲያብጥ ግድግዳው በራሱ ክብደት ይናዳል። እዚያ ላይ ውሃ የሚያቁር እርከን መሥራት ቦረቦሩን መመገብ ነው። የላይኛው ተዳፋት ላይ ግን ያው እርከን ትርጉም አለው። ውሃ ልኳ ሁለቱን ቦታ አትለይም። በሁለቱም ቦታ አረፋዋን መሃል ታደርጋለች።

በምዕራብ ጎጃም ሌላም የታወቀ ቦታ አለ፤ ከደምበጫ ብዙም የማይርቀው አንጀኒ። ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲጀምር በአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች ጣቢያ ከፈተ፤ የአንጀኒው በ1984 ሥራ ጀመረ። 113 ሄክታር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማሳዎቹ ላይ ፋንያ ጁ ተሠራ፤ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይኛው ወገን የሚጣልበት፣ ከኬንያ የመጣ የእርከን ዓይነት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ከእርከኖቹ በላይ አፈር እየተከማቸ ተዳፋቱ ደረጃ በደረጃ ለጥ እያለ መጣ። ያ መሬት ዝናቡ ብዙ ስለሆነ በመጠኑ ውረደት ያለው፣ ትርፉን ውሃ ወደ መውረጃ የሚሸኝ እርከን ነው የተስማማው። ቢሆንም በየቦታው እርከን ላይ የሚቀርበው የገበሬ ቅሬታ ከንቱ አይደለም። እርከን መሬት ይበላል፤ በሬ ማዞሪያ ያጠባል፤ አይጥ ይሸሸግበታል። ውሃ ሲያቁር ደግሞ ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል። የመጨረሻው ቅሬታ ግን በከፊል የውሃ ልኩ ጥፋት ነው።

ይህን ስል የገበሬውን የራሱን ዘዴ ረስቼ አይደለም። ጤፍ ከተዘራ በኋላ በማረሻ አግድም የሚወጣ ፈሰስ አለ፤ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ትርፍ ውሃ ያወጣል። የሚወጣው ግን በዓይን ነው፤ በሬውን ቁልቁል የሚስብ መሬት ደግሞ ማረሻውን ሳይታወቅ ቁልቁል ያደርገዋል። ፈሰሱ ከ1 ወይም ከ2 በመቶ አልፎ ሲወርድ ውሃው ይፋጠናል፤ መሬቱን መቆፈር ይጀምራል። መጨረሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ማሳ ነው። በፈሰስ ምክንያት ሽማግሌ የተቀመጠበት ስንት ጉዳይ እንዳለ እዚህ የተቀመጣችሁት ከእኔ ይበልጥ ትነግሩኛላችሁ። ሽማግሌዎች ለመፍረድ ሲወጡ የሲባጎ ውሃ ልክ በኪሳቸው ቢይዙ ክርክሩ ያጥራል ባይ ነኝ፤ «ፈሰስህ ቁልቁል ነው» «አይደለም» የሚለው ለሁለት ሰዓት አይነዛነዝም። ለመውረጃው ግን የጋራ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። እሱን የሚነግር መሣሪያ የለም።

ውሃ ልክ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ምን ያድርግ? ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና፣ አንድ ክር፣ አንድ ድንጋይ ይበቃዋል። ሁለቱን በ2 ሜትር ርቀት አንፈራጦ ጫፋቸውን ማሰር፣ ሦስተኛውን አግድም መቸንከር፣ ከጫፉ ድንጋይ የታሰረበት ክር ማንጠልጠል። ኤ ፍሬም የሚባለው ይህ ነው። አግዳሚው ላይ ክሩ ያረፈበትን ምልክት አድርጉ፤ እግሮቹን አቀያይራችሁ ሌላ ምልክት አድርጉ፤ የሁለቱ መሃል ልክ ነው። ግማሽ በመቶ ውረደት ከፈለጋችሁ ከአንዱ እግር ሥር 1 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር እንጨት ቸንክሩበት፤ ያ እግር ሁልጊዜ ውሃው በሚሄድበት በኩል ይቁም። ነፋስ ሲነፍስ ክሩ ይወዛወዛል፤ ጠዋት ጠዋት መሥራት ይሻላል። ግንበኞች የምትጠቀሙበት ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ቱቦም ከሁሉ ይበልጥ እውነተኛ ነው፤ እዚያ ግን አረፋ ጠላት ነች። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ ሁለቱ ጫፎች አንድ ልክ አያሳዩም፤ ጥፋቱም በዓይን አይለይም። ስልካችሁ ላይ ያለው ደግሞ ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ ይሁን። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዕቃ የ10 ሜትር መስመር መቀየስ አይቻልም፤ የስልኩ ጀርባም የካሜራው እብጠት ስላለበት እኩል አይተኛም።

አንድ ነገር ስለ ፀሐይ ልጨምር። ብልቃጧ ስትሞቅ አልኮሉ ይሰፋል፤ አረፋዋ ታንሳለች። ጠዋት ሁለቱን መስመሮች ልክ የምትነካ አረፋ ቀትር ላይ በመስመሮቹ መካከል ጠባ ትንሳፈፋለች። አንባቢው መሃሏን ሳይሆን አንዱን ጫፏን ከአንዱ መስመር ጋር ማስተያየት ከለመደ በዚያን ሰዓት ይስታል። በሁለቱም በኩል የቀረው ክፍተት እኩል መሆኑን ነው የሚያየው። ስትገዙም አረፋዋ ከመስመሮቹ የበለጠች ወይም እጅግ ያነሰች አትሁን። መንጠቆዎቹ ደግሞ ከወፍራም ሽቦ የተሠሩ ይሁኑ፤ አንዱ መንጠቆ ሲጣመም ውሃ ልኳ ወዲያው ሐሰተኛ ትሆናለች። ብዙ ጊዜ የሚጣመመውም ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ስትከተት ነው።

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት ወደ ውጭ እንውጣ፤ ከግቢው በስተጀርባ ያለው መሬት በቂ ተዳፋት አለው። የየራሳችሁን ውሃ ልክ የያዛችሁ አውጡ። በመጀመሪያ እያንዳንዳችሁ ግራዋን በቀኝ አዙራችሁ ትፈትኗታላችሁ፤ ያለፉትን በአንድ ወገን፣ የወደቁትን በሌላ ወገን እናስቀምጣለን። የወደቁትም አይጣሉም፤ መንጠቋቸው ተጣሞ እንደሆነ በጉጠት እናቃናለን። ከዚያ ሦስት ሦስት ሆናችሁ አንዱ ቡድን ፍጹም ልክ የሆነ መስመር፣ ሌላው በግማሽ በመቶ የሚወርድ መስመር ይቀይሳል። የግማሽ በመቶዎቹ፣ መውረጃችሁ በታችኛው አጥር በኩል ነው። ሲባጎውን በየትኛው ዘንግ ላይ ከፍ አድርጋችሁ እንደምታስሩ ሳትነግሩኝ ችካል እንዳትመቱ።